የልክ ደብተር

“ጨጓራዋ ነው” አሉ ትልቋ አክስት፣ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ።

መቀስ ቆጥራለች። ቴርሞሱን ይዛ ከወንበር ወንበር ስትዞር ከጠዋት ጀምሮ የሰማችው ይህንኑ ነው። ለቀስተኛ ይገባል፣ ያለቅሳል፣ አፍንጫውን ይጠርጋል፣ ይቀመጣል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ “ምን አገኛት ግን?” ይላል። አክስት መልሱን እንደ ብስኩት ሳህን ለሁሉም እኩል ያዞሩታል።

“ጨጓራ ይገድላል እንዴ?” አለች አዲስ የገባችው የሰፈሩ ፀጉር ሠሪ።

“ችላ ካሉት ምን የማይገድል አለ?”

ፀጉር ሠሪዋ የራሷን ሆድ ዳበስ አደረገችና ሻይዋን ያለ ስኳር ጠየቀች።

ሟቿ የመቀስ ታላቅ እህት ናት። ዘመዱ ሁሉ እታለም ይላታል። ትናንት እሑድ ተቀበረች። ለቀስተኛው የተቀመጠው በልብስ ስፌት ቤቷ ውስጥ ነው፤ ከቤቱ ሰፊው ክፍል እሱ ነው። ሁለቱ ማሽኖች ጨርቅ ተጥሎባቸው ግድግዳ ተጠግተዋል፤ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ብርጭቆ ተደርድሯል። በዚያ ጠረጴዛ ላይ አሥራ አራት ዓመት ጨርቅ ስትቆርጥ የኖረችው ታናሽየዋ ናት። መቀስ የሚለውን ስም ያወጣችላት እታለም ነች። ለእጇ ይሁን ለምላሷ ጠይቃት አታውቅም።

የሽርጧ ኪስ ውስጥ ስልኳ ነዘረ።

ልብስ መለኪያው መጋረጃ ውስጥ ገብታ አነሳችው። የደወለችው የሆስፒታሉ የዘረመል አማካሪ ነበረች፤ በሽታ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድበትን መንገድ ፈልጋ ለቤተሰቡ የምታስረዳ ሴት።

“እግዜር ያጥናሽ። ዛሬ መደወል አልነበረብኝም፤ አውቃለሁ።”

“ይንገሩኝ።”

“የእህትሽ የደም ውጤት መጥቷል። የፈራነውን አግኝተነዋል። በዘር የሚወርድ ነው።”

መቀስ መስታወቱ ውስጥ ራሷን አየች፤ ጀርባዋን ሰጠችው።

“ለአንቺ እንድነግር ፈርማልኛለች። ለሌሎቹ እኔ መደወል አልችልም፤ አይፈቀድልኝም። አንቺ ንገሪያቸው። ያለባት ሁሉ ትታመማለች ማለት አይደለም። ግን ካወቀች ቶሎ ቶሎ ትታያለች፣ ሳይብስ ይደረስላታል። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቦታ ይዤላችኋለሁ። ስንት ትሆናላችሁ?”

በጣቷ ቆጠረች። የእታለም ልጅ። የሟቹ አጎቷ መንትያ ሴት ልጆች። ትልቋ አክስት።

“አራት።”

“አንቺን ቆጥረሻል?”

መቀስ ያልታጠፈውን አምስተኛ ጣቷን አየች።

“አምስት ብዬ እጽፋለሁ” አለች አማካሪዋ።

ዕለቱ ሰኞ ነው። መንትዮቹ ከሌላ ከተማ የመጡ ናቸው፤ ረቡዕ በስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ እነዚህን ሴቶች አንድ ክፍል ውስጥ የሚሰበስባቸው የሚቀጥለው ሬሳ ነው።

እታለም ስትከሳ ማንም አላየም። መቀስን የሚያንገበግባት ይሄ ነው። ከመንገዱ ማዶ የምታልፍ ሴት ወገቧ ስንት እንደሆነ ቆማ ትናገራለች፤ ሁለት ሴንቲ አትስትም። የገዛ እህቷን ግን ስምንት ወር ሙሉ ሳተቻት። እታለም ልብስ ሰፊ ናታ። በየሁለት ሳምንቱ ሱቁን ዘግታ ቀሚሶቿን አንድ በአንድ ታጠብባቸው ነበር። ትከሻው ልኩ ላይ፣ ወገቡ ልኩ ላይ። ልብሱ በትክክል ካረፈ የልብስ ሰፊ ዓይን ይረካል፤ ውስጡ ያለውን ሥጋ አይጠይቅም።

አንድ ቀን የጨርቅ ጣቃ አብረው ሲያነሱ መቀስ ክንዷን ያዘቻት። አውራ ጣቷና የመሀል ጣቷ ተገናኙ።

“ምንድነው ይሄ?”

“ክንድ ነዋ። አንቺ ደሞ።”

“ቀሚስሽን አውልቂ።”

“ኧረ ደንበኛ ይገባል።”

መቀስ በሩን ቆለፈች። ቀሚሱን ገልብጣ ስታየው ግራና ቀኝ ጎኑ ላይ አራት መስመር ስፌት አለ፤ አንዱ ከአንዱ ወደ ውስጥ እየገባ። አራቱም ቀጥ ያሉ፣ አራቱም የሚያምሩ።

“እጅሽ ይቆረጥ” አለቻት። ለእታለም ብላው የማታውቀው ቃል ነበር።

“ይቆረጥ፣ ልኩን ጠብቆ ከሆነ” አለች እታለምና ሳቀች። ከዚያ ጡቷ ላይ ያለውን አሳየቻት። መቀስ አልጮኸችም። የቀሚሱን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ቆመች።

ሰኞ አመሻሹ ላይ ለቀስተኛው ሲሳሳ አክስትን ወጥ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ሲያጥቡ አገኘቻቸውና የአማካሪዋን ቃል እንዳለ ነገረቻቸው።

“ሌላ ማን ያውቃል?” አሉ አክስት።

“እኔና እርስዎ።”

“ደግ። እዚሁ ይቅር።”

“ውጤቱ የሷ ብቻ አይደለም እኮ። ሙሽሪትም ላይ ሊኖር ይችላል። ከእናት ወደ ልጅ ግማሽ በግማሽ ነው ብላኛለች።”

ሙሽሪት የሚሏት የእታለምን አንድ ልጅ ነው። ሌላ ከተማ ሒሳብ ታስተምራለች፤ እናቷ በስልክ “ደህና ነኝ፣ ትንሽ ጨጓራዬ ነው” ስትላት ከርማ የደረሰችው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ለሰርጓ አምስት ወር ቀርቷል።

“የሙሽራው እናት ነገ ለቅሶ ትመጣለች” አሉ አክስት፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው እያዩ። “ሻይ ስትቀጂላት ይሄንንም ቀድተሽ ስጫት። የምትወስጂያት ልጅ ደሟ ውስጥ ያ በሽታ አለ በያት። ከዚያ የሰርግ ቀሚሱን ሰፍተሽ ለማን እንደምታለብሺው አያለሁ።”

“ለሬሳ ከማለብሰው ይሻላል።”

አክስት ብርጭቆውን አስቀመጡ። “ስሚ አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብስቢ። እናትሽ ስትሞት እጅሽን ይዤ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ይሄን ነገር እዚህ ቤት ውስጥ ካነሳሽው ዳግመኛ ደጃፍሽን አልረግጥም። እኔንም እንደሞተች ቁጠሪኝ።”

ያ በሽታ። ስሙን እንኳ አይጠሩትም።

ስሙ አማካሪዋ ቢሮም በቀላሉ አልተጠራም ነበር። ከስድስት ሳምንት በፊት ነው። አማካሪዋ ሰፊ ነጭ ወረቀት ዘርግታ የቤተሰቡን ሐረግ በእርሳስ ትስላለች፤ ለሴት ክብ፣ ለወንድ አራት ማዕዘን። እታለም ፊቷ፣ መቀስ ከጎኗ ተቀምጠዋል።

“እናታችሁ በምን አረፉ?”

“በጉበት” አለች እታለም።

“አያታችሁ?”

“ጨጓራ።”

“አጎታችሁ?”

“መኪና ገጭቶት።” ይሄኛው እውነት ነበር።

“የሴቶቹን ማን ነገራችሁ?”

“ትልቋ አክስታችን።”

“እሺ። ከአክስቶቻችሁ፣ ከአክስት ልጆች፣ ጡቷን የታመመች አለች?”

እታለም የቀሚሷን ቅምቅማት በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከዳር እስከ ዳር ሄደችበት። “የለችም” አለች።

አማካሪዋ ወረቀቱን ስታይ ቆየች። “ይሄ ወረቀት እንደሚለው ንጹሕ ቤተሰብ ናችሁ” አለች። “ወይ ደግሞ ዝምተኛ ቤተሰብ።” ደሙን የወሰደችው የእታለም ዕድሜ ለበሽታው ገና መሆኑ ስላልተዋጠላት ነው። አርባ አንድ ነበር።

ሲወጡ መቀስ፣ “ውጤቱን ለእኔ እንዲነግሩ ለምን ፈረምሽ? አክስት እያሉልሽ” አለቻት።

“አንቺ መጠላት አይከብድሽም” አለች እታለም። “ለሁሉም ሴቶች ንገሪያቸው። እኔ አልቻልኩበትም።”

መቀስ ያን ዕለት እንደ ሙገሳ ወስዳው ነበር። አሁን ከብዷታል።

ማክሰኞ የሙሽራው እናት መጡ። መቀስ ሻይ ቀዳችላቸው። የአክስት ዓይን ከቴርሞሱ አፍ እስከ መቀስ አፍ ይመላለሳል። “ጨጓራዋ ነው” ተባለ፤ የሙሽራው እናት “ውይ፣ የኔም ያስቸግረኛል” አሉ። መቀስ ብርጭቆውን እስኪፈስ ሞላችውና ወጣች።

በር ላይ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ጠበቀቻት። ቀድማ ስታለቅስ የነበረች ደንበኛ ናት።

“ለቅሶ ላይ መጠየቁ ነውር ነው” አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ግን ቅዳሜ ትልቅ ስብሰባ አለብኝ። ጉርዴ ተቆርጧል?”

“ነውር መሆኑን ካወቅሽ ነውርሽን ጨርሺው። ልክሽ ስንት ነበር?”

“ደብተሩ ላይ አለ። እሷ ናት የለካችኝ።”

መቀስ ከመሳቢያው የልክ ደብተሩን አወጣች። እናታቸው የጀመሩት፣ እታለም የቀጠለችበት፣ ጥጥር ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ነው፤ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ገጽ አለው፣ ልብስ ባሰፋ ቁጥር አዲስ ልክ ከነቀኑ ከሥር ይጻፍለታል። የባንክ ሠራተኛዋን ስትፈልግ የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገለጠች። የመጀመሪያዎቹ የቤተሰቡ ናቸው።

የአያቷ ገጽ። ክንድ ሠላሳ፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሁለት። ወገብ ሰማንያ አራት፣ ዘጠና አንድ፣ መቶ ሦስት። ሁሉም በአሥራ አምስት ወር ውስጥ። ክንዱ እየሟሸሸ ሆዱ የሚያብጥ ሰው። የእናቷን ገጽ ገለጠች። ያው ነው፤ ቁጥሩ እንኳ ብዙም አይራራቅም። አንዷን ጨጓራ፣ አንዷን ጉበት ብለው የቀበሯቸው ሁለት ሴቶች አንድ ዓይነት ቀሚስ አሰፍተዋል።

ቀጥሎ የአክስት ገጽ አለ፤ በእታለም እጅ የተጻፈ። ለሰው ሁሉ ደረት አንድ ቁጥር ነው። ለአክስት ግን ግራና ቀኝ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። ቀኙ ሃያ ሦስት ብሎ ጀምሮ፣ ሃያ አራት፣ ሃያ ስድስት፣ ደግሞ ሃያ አምስት እያለ ሲወጣና ሲወርድ ይታያል። ግራው ሃያ ሦስት ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ሃያ ሦስት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሃያ ሦስት።

ሥጋ ይወፍራል፣ ይከሳል፣ ይወርዳል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ንቅንቅ የማይል ጨርቅ ብቻ ነው።

መቀስ ደብተሩን ዘጋችው። እናቷ መጀመሪያ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠሉላት ቀን የነገሯት ሕግ አንድ ነበር፤ መጋረጃው ውስጥ ያየሽውን እዚያው ትተሽው ውጪ። ጠባሳ ይሁን፣ ሰንበር ይሁን፣ እርግዝና ይሁን፣ ልክ ብቻ ጽፈሽ ውጪ። እታለም ያን ሕግ አማካሪዋ ቢሮ ድረስ ይዛው ሄደች። ቅምቅማቷን ዳሰሰችና “የለችም” አለች።

“አገኘሽው?” አለች የባንክ ሠራተኛዋ።

“አገኘሁት” አለች መቀስ።

አክስት ጓሮ ፎጣ ሲያሰጡ ነበር።

“ግራዎ ስንት ዓመቱ ነው?”

አክስት የልብስ መቆንጠጫውን ከአፋቸው አወጡት። ዙሪያቸውን አዩ። “ማን ነገረሽ?”

“ደብተሩ።”

“ጻፈችው?”

“ቁጥር ነው የጻፈችው። እታለም ቁጥር አትዋሽም።”

አክስት ፎጣውን ገመዱ ላይ ማስተካከል ጀመሩ፤ የተስተካከለውን ደጋግመው። “ባሌ ከሞተ በኋላ ነው” አሉ። “ዘመድ ልጠይቅ ብዬ ሌላ ከተማ ሄድኩ፤ እዚያ ቆርጠው አወጡት። ስመለስ ልብስ ላስጠብብ መጣሁ፣ እሷ መጋረጃ ውስጥ አስገባችኝ። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አየች። ምንም አላለችኝም። በማግሥቱ የሚሞላበትን ሰፍታ በወረቀት ጠቅልላ አመጣችልኝ።”

“አማካሪዋ ስትጠይቃት የለችም አለች። ለእርስዎ ብላ።”

“አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፏን ዘጋችልኝ። አንቺ አንድ ቀን አልቻልሽም።”

“ዘግታ ነው የተቀበረችው።”

የአክስት እጅ ተነሳ። መቀስ ፊቷን አላዞረችም። እጁ አልወረደባትም፤ ገመዱን ጨብጦ ቀረ።

“የእርስዎን አልናገርም” አለች መቀስ። “የእርስዎ መጋረጃ ውስጥ የታየ ነው። የእታለምን ግን ነገ ከአውቶቡሱ በፊት እነግራቸዋለሁ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት አምስት ሰው እየተጠበቀ ነው። ከፈለጉ ደጃፌን አይርገጡ።”

አክስት መቆንጠጫውን ፎጣው ላይ ሰኩት።

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መቀስ መንትዮቹንና ሙሽሪትን ጣቃ የሚቀመጥበት የኋላ ክፍል ውስጥ አስገባቻቸው። መንትዮቹ ቦርሳቸውን ከትከሻቸው አላወረዱም። አክስትን ጠርታቸው ነበር፤ ከወንበራቸው አልተነሱም።

“አውቶቡሱ ስምንት ሰዓት ነው” አለች አንደኛዋ መንታ።

“አሥር ደቂቃ ነው የምወስድባችሁ።”

ከጠዋት ጀምሮ ለስለስ ያለ ንግግር አዘጋጅታ ነበር። ከአፏ የወጣው ግን እንዲህ የሚል ሆነ፤ “እታለምን የገደላት የጡት ካንሰር ነው። በዘር የመጣ ነው። እናንተም ላይ ሊኖር ይችላል።”

“ጨጓራ ነው ያላችሁን” አለች ሁለተኛዋ መንታ።

“ጨጓራ አልነበረም። የእናቴም ጉበት አልነበረም፣ የአያታችንም ጨጓራ አልነበረም። ልካቸው ደብተሩ ላይ አለ።”

“እኛን ምን አገባን ታዲያ? ዝምድናችን በአባታችን ነው። ወንድ ምን ጡት አለው?”

“እሱም ያስተላልፋል። አንድ ቀን ሳያመው።”

“አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ? ጨርቅ ስትቆርጪ አይደል እንዴ የኖርሽው?”

ሌላ ቀን ቢሆን ይህችን ልጅ አውቶቡስ ድረስ የሚከተላት መልስ ታገኝ ነበር። መቀስ ዋጠችው። “ሐሙስ ደም ሰጥታችሁ ትሄዳላችሁ። ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም።”

“አንቺስ?”

“እኔም እሰጣለሁ።” የሽርጧን ማሰሪያ አጠበቀች። “ፈርቻለሁ።”

መንትዮቹ አዩዋት። ከዚህች ሴት አፍ ይህ ቃል ሲወጣ ሰምተው አያውቁም።

ሙሽሪት ቀና አለች። “ስንት ነው?” አለች። “የእኔ ዕድል። በቁጥር።”

“ግማሽ በግማሽ።”

“ይሄን ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው የማስተምረው። ሳንቲም እየወረወርኩ።” ተነሳች። “ስምንት ወር ስትዋሹኝ ከረማችሁ። እሑድ እማዬን ቀብራችሁ ረቡዕ የእኔን ልክ ልትወስዱ ነው? አልመጣም። የትም አልመጣም።”

“ሙሽሪትዬ…”

“እንዳትነኪኝ።”

በሩን ስትከፍተው ትልቋ አክስት እዚያው ቆመዋል። ምን ያህል እንደቆዩ አይታወቅም። ሙሽሪትን በትከሻዋ ይዘው መለሷት፤ ገቡና በሩን ዘጉ። መቀስ አፏን ሊያዘጓት መስሏት ለጸብ ተዘጋጀች።

“ቁጭ በይ” አሉ አክስት፣ ለሙሽሪት።

“እርስዎም አብረው ሲዋሹኝ…”

“አዎ። ቁጭ በይ።”

አክስት ማንንም ሳያዩ የሸሚዛቸውን ሦስት ቁልፍ ፈቱ። እጃቸውን ወደ ግራ ሰደዱና የሆነ ነገር አውጥተው ሙሽሪት መዳፍ ላይ አኖሩት። ከነጭ የገበር ጨርቅ የተሰፋ፣ በጥጥ የተሞላ፣ ከሥሩ ከበድ የሚል ክብ ትራስ ነው። ገና ትኩስ ነበር።

“ምንድነው?” አለች ሙሽሪት።

“ጡቴ ነው።”

አንደኛዋ መንታ ሳቅ አመለጣት፤ አፏን በእጇ ያዘች።

“ሳቂ፣ ሳቂ። እኔንም ያስቀኛል። አንዴ ሰርግ ላይ ስጨፍር ብብቴ ሥር ገባ። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፣ እኔ በአንድ እጄ ይዤዋለሁ። እታለም ናት ከመሀል ጎትታ ያወጣችኝ።” ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው አልቆየም። “ያ… ካንሰር ነው” አሉ። ቃሉን እንደ ትኩስ ነገር ቶሎ ነው ያስቀመጡት። “ቶሎ ስለደረሱበት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ። እናቴን ጨጓራ ያልኳት እኔ ነኝ። እህቴን ጉበት ያልኳት እኔ ነኝ። ሰው ዘራችንን እንዳይሸሽ ብዬ ነው። ሙሽሪት፣ እናትሽ የእኔን ታውቅ ነበር፤ እንዳትናገር ያስማልኳት እኔ ነኝ። ብናገር ኖሮ እሷም በጊዜ…”

አልጨረሱትም።

ሙሽሪት ትራሱን ገለበጠችው። ጠርዙን ይዞ የዞረ የእጅ ስፌት አለ፤ እያንዳንዱ ከሰሊጥ ፍሬ የማይበልጥ፣ እኩል እኩል የተረገጠ።

“የእማዬ እጅ ነው” አለች።

“በየዓመቱ አዲስ ትሰፋልኝ ነበር። ይሄን የሰፋችው ታማ ነው።”

ሙሽሪት ቀና አላለችም። “ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው?” አለች።

“ሦስት ሰዓት” አለች መቀስ።

መንትዮቹ ተያዩ። አንደኛዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጣቃው ላይ አስቀመጠችው። ሁለተኛዋ ስልኳን አውጥታ፣ “የሐሙሱ አውቶቡስም በስምንት ሰዓት ነው መሰለኝ” አለች፤ ማንንም አልጠየቀችም።

ከፊት ለፊቱ ክፍል ወንበር ሲጎተት ተሰማ። አዲስ ለቀስተኛ ገብቷል፤ ለቅሶው ተጀመረ። አክስት ቁልፎቻቸውን ቆለፉና እጃቸውን ወደ ሙሽሪት ዘረጉ። ሙሽሪት አላየችውም። ትራሱን በሁለት እጇ ይዛ በአውራ ጣቷ ስፌቱን ትከተላለች፤ ዞራ ትጨርስና እንደገና ትጀምራለች።

አክስት እጃቸውን ቀስ አድርገው መለሱት። ባዶ ሆኖ የተንጠለጠለውን የሸሚዛቸውን ግራ ጎን አንዴ በመዳፋቸው ለጠፍ አደረጉት። በሩን ከፈቱና እንዳሉ ወደ ለቀስተኞቹ ወጡ።